ስኳርንና ልብን ያስተሳሰረው አንድ ጂን አይደለም፦ ለሰሞኑ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስኳር ያለበት ታላቅ ወንድሜ መድኃኒቱን የሚያስቀምጥባት ሰባት ክፍል ያላት የፕላስቲክ ሣጥን አለችው። በየክዳኑ ላይ የቀኑ ስም ተጽፎበታል። ባለፈው ሐሙስ ልጠይቀው ሄጄ ሣጥኗን ከጠረጴዛው ላይ ባነሣት የሰኞ፣ የማክሰኞና የረቡዕ ክኒኖች እንዳሉ ተቀምጠዋል። ረስቶ መስሎኝ ጠየቅሁት። አልረሳም። ስልኩን አውጥቶ አንድ ጽሑፍ አሳየኝና «አንብበው፤ የአባባ ነገር እኛም ላይ አለ። በዘር ከመጣ ምን ይደረጋል?» አለኝ። አባታችን 12 ዓመት ከስኳር ጋር ኖሮ በ58 ዓመቱ በልብ ሕመም ነው የሞተው።

ጽሑፉ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ነው፤ ለእኔም ከሦስት ሰዎች ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብሁት። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በጥሩ አማርኛ አስቀምጠዋል፤ ከጠቀሷቸው መረጃዎችም ብዙዎቹ እውነት ናቸው። ችግሩ ከእውነተኛው መረጃ ተነሥተው የደረሱበት ድምዳሜ ሰውን መድኃኒት የሚያስጥል መሆኑ ነው። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚህ ነው።

ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። በመጀመሪያ፣ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም ከአንድ የዘር ምንጭ እንደሚቀዱና ይህም ምንጭ በ9ኛው ክሮሞዞም (ጂኖችን ከያዙት የዘር ክሮች በአንዱ) ላይ እንደተገኘ ይናገራሉ። ከዚህ ተነሥተውም ስኳሩ በራሱ ልብን አይጎዳም፣ ሁለቱ ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው፣ ስለዚህ የደም ስኳርን ማውረድ ለልብ ፋይዳ የለውም ይላሉ። ሦስተኛው ነጥባቸው በዘር የመጣን ነገር አመጋገብም ሆነ እንቅስቃሴ አይመልሰውም የሚል ነው። ቀጥለው በቤተሰቡ ሁለቱ በሽታዎች የሌሉበት ሰው እንዳይጨነቅ ይመክራሉ፤ ቁርጡን ማወቅ የፈለገ ደግሞ የጂን ምርመራ ያድርግ ይላሉ። በመጨረሻም ኮሌስትሮልን የሚያወርዱት የስታቲን መድኃኒቶች ስኳር ስለሚያመጡ በዘሩ ስኳር ያለበት ሰው ቢተዋቸው ይሻለዋል ብለው ይዘጋሉ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት የምስማማበትን ልናገር። ውርስ አለ፤ ኃይሉም ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የፍራሚንግሃም ከተማ ቤተሰቦችን ትውልድ ተከትሎ ያጠናው ምርምር እንዳሳየው፣ ከወላጆቹ አንዱ ዓይነት 2 ስኳር (በብዛት የሚታየው የስኳር ዓይነት) ያለበት ሰው ወላጆቹ ከሌለባቸው ሰው ይልቅ በሽታው የሚይዘው ዕድል 3 እጥፍ ተኩል ያህል ነው፤ ሁለቱም ካለባቸው 6 እጥፍ ይደርሳል። በልብ በኩልም በ1994 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመውን የስዊድን መንትዮች ጥናት ማየት ይበቃል። ከ21 ሺህ በላይ መንትዮች ለ26 ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎባቸው፣ ከአንድ እንቁላል የተገኘ መንታ ወንድሙ 55 ዓመት ሳይሞላው በልብ ሕመም የሞተበት ሰው እሱም በዚያው ሕመም የመሞት ዕድሉ 8 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ከሁለት እንቁላል የተገኙት ላይ ግን 4 እጥፍ ያህል ነበር። ሌላም የምስማማበት አለ። ጸሐፊው የስኳር ሕመምተኛን «ጣፋጭ ስለምትወድ ነው የያዘህ» እያሉ ማሸማቀቅ ስሕተት መሆኑን ጽፈዋል። ይህን የጻፉበት አንቀጽ በየሐኪም ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ወደ «አንዱ ጂን» እንምጣ። በ2007 ተመራማሪዎች በ9ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ ለልብ ጥቃት የሚያጋልጥ ቦታ አገኙ። ከአውሮፓ በመጡ ሕዝቦች መካከል ከአምስት ሰው አንዱ ያህል የዚህን ቦታ አጋላጭ ቅጂ (ከሰው ሰው ከሚለያዩት መልኮቹ አንዱን) ከእናቱም ከአባቱም ይወርሳል፤ በእነዚህ ሰዎች ላይ የልብ የደም ሥር ድንገት የመደፈን ዕድሉ ጨርሶ ካልወረሱት ይልቅ በ60 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። በዚያው ዓመት ሌሎች ቡድኖች የዓይነት 2 ስኳርን ሲፈልጉ እዚያው አካባቢ ሌላ ምልክት አገኙ። ዜናው ሲሰማ ብዙ ሰው «ሁለቱን በሽታ ያስተሳሰረው ክር ተገኘ» ማለቱ አያስደንቅም፤ ጸሐፊውም ያነበቡት የዚያን ጊዜውን ዜና ይመስለኛል። ቀርቦ ሲታይ ግን ሁለቱ ምልክቶች ጎረቤታሞች እንጂ አንድ አይደሉም። የልቡን ቅጂ የወረሰ ሰው የስኳሩን የግድ አይወርስም። ከዚህም በላይ የልቡ ቅጂ ጉዳቱን የሚያደርሰው በስኳር፣ በኮሌስትሮል ወይም በደም ግፊት በኩል አይደለም፤ እነዚህ ሁሉ ልከኛ በሆኑበት ሰው ላይም አደጋው እንዳለ ይቆያል። እንደ ማስረጃ የቀረበው ጂን በትክክል ሲነበብ ሁለቱ በሽታዎች በየራሳቸው መንገድ ሊመጡ እንደሚችሉ ነው የሚመሰክረው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ «እሺ፣ ሌላ የጋራ ጂን ይኖራል» ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን በጽሑፉ ላይ ከባዱን ጥያቄ የሚያነሡት ለስኳር እያጋለጡ ልብን የሚጠብቁ ቅጂዎች ናቸው። ቲኤም6ኤስኤፍ2 የሚባል ጂን አለ። ሥራው ጉበት ስብን ጠቅልሎ ወደ ደም እንዲልክ ማገዝ ነው። አንደኛው ቅጂው ይህን ሥራ ያዳክመዋል። ስቡ እዚያው ጉበት ውስጥ ይቀራል፤ የሰባ ጉበት የደም ስኳርን የሚያወርደውን የኢንሱሊንን ትእዛዝ መስማት ይሳነዋል፤ ስኳር ያመርታል፣ ያመርታል፣ አያቆምም። የሰውየው ለስኳር በሽታ ያለው ተጋላጭነት ይጨምራል። በሌላ በኩል ግን ወደ ደም የሚወጣው ስብና ኮሌስትሮል ስለቀነሰ የልቡ የደም ሥሮች የተሻለ ዕድል ያገኛሉ። አንድ ቅጂ፣ በአንድ ጉበት ውስጥ፣ አንዱን በሽታ እየጠራ ሌላውን ያርቃል። «አንድ ምንጭ ሁለት በሽታ» የሚለው ሐሳብ ይህን ሰው የት ያስቀምጠዋል?

ከሌላኛውም ወገን ምሳሌ አለ። ከልደት ጀምሮ ኮሌስትሮል እጅግ ከፍ የሚልበት በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ገና በወጣትነታቸው ለልብ ሕመም ይዳረጋሉ። በሁለቱ በሽታዎች መካከል ያለው የጋራ ዘር ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ዘንድ ስኳር በብዛት መገኘት ነበረበት። በኔዘርላንድ ከ63 ሺህ በላይ ዘመዳሞች ተመርምረው በ2015 የወጣው ውጤት ተቃራኒውን አሳይቷል፦ ሕመሙ ካለባቸው መካከል ዓይነት 2 ስኳር የተገኘባቸው 1.75 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሌለባቸው ዘመዶቻቸው መካከል ግን 2.93 በመቶ ናቸው።

ታዲያ የጋራ ውርስ የሚባል ነገር የለም ማለቴ ነው? አይደለም። አይአርኤስ1 በሚባለው ጂን አጠገብ ያለው ቦታ የኢንሱሊንን አሠራር እያወከ ስኳርንም የልብ ሕመምንም ሊጨምር ይችላል። በደም ውስጥ ያለ ስብን የሚሰብረውን ኢንዛይም የሚያበረቱ ቅጂዎችም ከሁለቱም በሽታዎች ይከላከላሉ። ኤፍቲኦ የተባለው ጂን ታሪክ ደግሞ በጣም የሚያስተምር ነው። በ2007 የተያዘው እንደ ስኳር ጂን ነበር። ተመራማሪዎቹ የሰዎቹን ክብደት በስሌቱ ውስጥ ሲያስገቡ ግን ከስኳር ጋር ያለው ግንኙነት ጠፋ። ጂኑ የሚሠራው ክብደት ላይ ነበር፤ ሁለቱንም አጋላጭ ቅጂ የወረሰ ሰው በአማካይ 3 ኪሎ ይከብዳል፤ ስኳሩን ያመጣው ያ ክብደት ነው። ውርስ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ መጀመሪያ የሚነካው ክብደትን፣ የጉበት ስብን፣ የደም ግፊትን፣ ኮሌስትሮልን ነው፤ በሽታው የሚመጣው በእነዚህ በኩል ነው። እነዚህ ሁሉ ደግሞ የሚለኩ ናቸው። በ2024 ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከዓይነት 2 ስኳር ጋር የተያያዙ 611 የዘር ቦታዎችን መዝግቧል። አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው የሚያመጡት ለውጥ ጥቂት ነው። ከ611 አንዱን መዝዞ «ምንጩ ይህ ነው» ማለት ከአንድ ጠብታ ወንዝን እንደ መገመት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ስኳሩ ለልብ ንጹሕ ነው የሚለው፣ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በቅድሚያ ሐሳቡ ከሜዳ የተነሣ እንዳልሆነ መናገር ተገቢ ነው። ማይክል ስተርን የተባሉ ሐኪም በ1995 ሁለቱ በሽታዎች ከ«አንድ አፈር» ሊበቅሉ ይችላሉ የሚል መላ ምት አቅርበው ነበር፤ ሐሳቡ እስከ ዛሬ ይከበራል። ጸሐፊው በ2008 የተቋረጠውን አኮርድ የተባለ ጥናትም በትክክል ጠቅሰዋል። በዚያ ጥናት 10,251 የስኳር ሕመምተኞች ተሳትፈው፣ የደም ስኳራቸው በኃይል እንዲወርድ ከተደረጉት 257፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 203 ሰዎች ሞተዋል። አስደንጋጭ ውጤት ነበር። ሐኪሞች ከዚያ ወዲህ በዕድሜ የገፋና ልቡ የታመመ ሰው ላይ የስኳር ግቡን ላላ የሚያደርጉት በከፊል ከዚሁ ተምረው ነው።

ነገር ግን ጸሐፊው የዚያን ጥናት ግማሹን ነው ያነበቡት። በዚያው ጥናት ስኳራቸው በኃይል በወረደው ሰዎች ላይ ለሞት ያላበቃ የልብ ጥቃት በ24 በመቶ ቀንሶ ነበር። ሕመምተኞቹም በአማካይ 62 ዓመት የሆናቸው፣ ለ10 ዓመት ከስኳር ጋር የኖሩና ከሦስቱ አንዱ ያህል አስቀድሞ የልብ ወይም የደም ሥር ጥቃት የደረሰባቸው ነበሩ። ጥናቱ ያሳየው ዘግይቶ በጥድፊያ ማውረድ አደገኛ መሆኑን ነው። ስኳሩ ከፍ ብሎ ቢቆይ ጉዳት የለውም የሚል ነገር ከየት ይወጣል?

ለዚህ ጥያቄ ቁልፉ ያለው ዓይነት 1 ስኳር ዘንድ ይመስለኛል። ዓይነት 1 የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የራሱን ቆሽት ሲያጠቃ ነው፤ አጋላጭ ጂኖቹም በአብዛኛው ከመከላከያ ሥርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው። ከዓይነት 2 በዘርም በአመጣጥም ይለያል። የጸሐፊው ሐሳብ ትክክል ቢሆን ኖሮ፣ ልብን የሚጎዳው የጋራው ዘር እንጂ ስኳሩ ካልሆነ፣ የዓይነት 1 ሕመምተኞች ልብ ጤናማ መሆን ነበረበት። አይደለም፤ እነሱም ላይ የልብ ሕመም በብዙ እጥፍ ይበዛል። በሰሜን አሜሪካ 1,441 የዓይነት 1 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን ለስድስት ዓመት ተኩል ያህል ስኳሩን አጥብቆ ተቆጣጠረ። ከዓመታት ክትትል በኋላ በ2005 ሲታይ በዚያ ቡድን የልብና የደም ሥር ጥቃት በ42 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ዕጣ ዘርን አይመርጥም፤ በሁለቱም ቡድን ያለው ውርስ ተመሳሳይ ነበር። የተለያየው ስኳሩ ብቻ ነው።

ዓይነት 2 ላይም በብሪታንያ በ1977 የተጀመረው ትልቁ ጥናት ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። ገና በሽታው እንደታወቀ ስኳራቸው በደንብ የተያዘላቸው ሰዎች፣ ሙከራው ካለቀ ከ10 ዓመት በኋላም የልብ ጥቃታቸው ዝቅ ብሎ ቀጥሏል፦ በኢንሱሊንና መሰል መድኃኒቶች 15 በመቶ፣ ሜትፎርሚን በተባለው የስኳር ክኒን 33 በመቶ። ቀድሞ የተጀመረ ቁጥጥር ለዓመታት የሚቀር ጥቅም አለው ማለት ነው። የዘር ጥናቶችም ከጸሐፊው ጋር አይስማሙም። ለዓይነት 2 ስኳር የሚያጋልጡ ብዙ ቅጂዎችን የወረሱ ሰዎች የልብ ሕመማቸውም ከፍ ይላል፤ ለልብ ሕመም የሚያጋልጡትን የወረሱ ሰዎች ላይ ግን ስኳር በዚያው ልክ አይጨምርም። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቅርንጫፎች ቢሆኑ ግንኙነቱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ መሄድ ነበረበት። የምናየው መንገድ በአብዛኛው ከስኳር ወደ ልብ የሚሄድ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያልጠቀሱትን፣ ነገር ግን ለእሳቸው የሚያግዝ የሚመስል አንድ ማስረጃ ራሴ ላንሣ። ቆሽት የደም ስኳርን መጠን የሚለካበት ግሉኮካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም አለ። የዚህ ኢንዛይም ጂን ከልደት የተበላሸባቸው ሰዎች ሰውነታቸው የስኳሩን ልክ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን። በ2014 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በአማካይ 50 ዓመት ያህል እንዲህ ሆነው የኖሩ ሰዎች የልብ ሕመማቸው ከሌላው ሰው አይበልጥም። ታዲያ ስኳር ልብን አይጎዳም ማለት ነው? የእነዚህ ሰዎች ስኳር ከፍ የሚለው በጥቂቱ ነው፤ ክብደታቸው፣ የደም ግፊታቸው፣ በደማቸው ውስጥ ያለው ስብ እንደ ማንኛውም ጤናማ ሰው ነው። ጉዳቱን የሚወስነው የስኳሩ መጠንና አብሮት የሚመጣው ጓደኛ መሆኑን ነው ይህ ያስተማረኝ። የወንድሜ የሦስት ወር አማካይ ስኳር ከዚያ እጅግ በላይ ነበር፤ ግፊቱም አብሮ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ «በዘር የመጣ አይመለስም» የሚለው ነው። እስካሁን ከተገኙት የተለመዱ የዓይነት 2 ስኳር ጂኖች ብርቱው ቲሲኤፍ7ኤል2 ይባላል፤ በ2006 ተገኘ፤ እያንዳንዱ አጋላጭ ቅጂ ተጋላጭነቱን በ40 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎች ወደ ስኳር በሽታ ጫፍ በደረሱ 3,234 አሜሪካውያን ላይ የተደረገውን የታወቀ ሙከራ ከዚህ ጂን አንጻር መረመሩት። ሁለቱንም አጋላጭ ቅጂ የወረሱት፣ ምንም ካልተደረገላቸው ሰዎች መካከል፣ ወደ በሽታው ቶሎ ገቡ። ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ በተመደቡት መካከል ግን ያ ልዩነት ጠፋ። ጂኑ እዚያው ነበር፤ የጎዳበት መንገድ ነው የተዘጋው። በጠቅላላው ሙከራም አኗኗራቸውን የለወጡት ወደ ስኳር በሽታ መግባታቸው በ58 በመቶ ቀንሷል።

የፒማ ሕዝብ ነገርም ለዚህ ይጠቀሳል። በአሜሪካ አሪዞናና በሜክሲኮ ተራሮች የሚኖሩት ፒማዎች በዘር የተቀራረቡ ናቸው። በ2006 በታተመ ጥናት ከአሪዞናዎቹ ጎልማሶች 38 በመቶ፣ ከሜክሲኮዎቹ ግን 7 በመቶ ያህሉ ብቻ ዓይነት 2 ስኳር ነበረባቸው። የሜክሲኮዎቹ በእርሻ ጉልበት ሥራ የሚኖሩ ነበሩ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ «ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም» ብለዋል፤ ከፊል እውነት አለው። በቻይናዋ ዳቺንግ ከተማ በ1986 ተጀምሮ ለ30 ዓመት የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው፣ አኗኗራቸውን ከለወጡት ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ ስኳር ይዟቸዋል፤ በሽታው በአማካይ የዘገየው በ4 ዓመት ገደማ ነው። ነገር ግን በእነዚሁ ሰዎች ላይ የልብና የደም ሥር ጥቃት በ26 በመቶ፣ በዚሁ ምክንያት መሞት ደግሞ በ33 በመቶ ቀንሶ ነበር። አራት ዓመት ማዘግየት እንዲህ ያለ ውጤት ካለው «ያዘገየዋል እንጂ» ተብሎ የሚናቅ አይደለም። አንድ ሌላ እውነትም ልጨምር፦ ስኳር አስቀድሞ በያዛቸው 5,145 ሰዎች ላይ በአሜሪካ የተደረገ ሙከራ ክብደት መቀነስ ብቻውን የልብ ጥቃትን እንዳልቀነሰ በ2013 አሳውቋል። አኗኗር ሁሉን ይፈታል የሚሉትም በዚህ ይታረሙ።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እንደሚባለው፣ ውጤት ያመጣው ሁሉንም በአንድ ላይ መያዝ ነው። በዴንማርክ ስቴኖ ማእከል 160 የስኳር ሕመምተኞች ለሁለት ተከፍለው ነበር። አንዱ ቡድን ስኳሩ፣ ግፊቱ፣ ኮሌስትሮሉ፣ አመጋገቡና እንቅስቃሴው በአንድነት ለ8 ዓመት ያህል ክትትል ተደረገለት። የልብና የደም ሥር ጥቃታቸው በግማሽ ቀነሰ። ከ21 ዓመት በኋላ ሲቆጠርም ያ ቡድን ከሌላው ወደ 8 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አትርፎ ተገኘ። ስምንት ዓመት። አባታችን 66 ዓመቱን ቢያይ ኖሮ የወንድሜን የመጀመሪያ ልጅ ያቅፍ ነበር።

አራተኛውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። «በቤተሰቤ የለም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ማለቱ «በቤተሰቤ የተመረመረ የለም» ነው። በዓለም ላይ ስኳር ካለባቸው ጎልማሶች ከ10 አራት ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። ከ611ዱ ቦታዎች ጥቂት ከእናት፣ ጥቂት ከአባት ተሰባስበው ከሁለት ጤነኛ ወላጆች ተጋላጭ ልጅ ሊወለድም ይችላል።

የጂን ምርመራ ቁርጡን ይነግራል ለሚለው ደግሞ መልሴ «ለማን?» የሚል ነው። ለአንዳንድ ሰው በእርግጥ ይጠቅማል። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ከልደት የሚጀምር የኮሌስትሮል ሕመም ከ250 ሰዎች በአንዱ ላይ ይገኛል፤ አንድ ሰው ላይ ሲታወቅ ወንድም እህቶቹና ልጆቹ ቀድመው ይታከማሉ። የግሉኮካይኔዝ ጂኑ የተበላሸበት ሰው ከታወቀ ደግሞ ከማያስፈልገው ክኒን ይድናል። ጸሐፊው የሚመክሩት ግን ብዙ ትንንሽ ቅጂዎችን ደምሮ ነጥብ የሚሰጠውን ምርመራ ነው። ይህ ነጥብ የተሠራው በአብዛኛው ከአውሮፓ በመጡ ሰዎች መረጃ ላይ ነው፤ በ2019 የታተመ ትንተና እንዳሳየው በዘር ጥናቶች ከተሳተፉት ወደ 79 በመቶ የሚጠጉት እነሱ ናቸው፤ የነጥቡ ትክክለኛነትም አፍሪካዊ ዘር ባላቸው ሰዎች ላይ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ይህን ጽሑፍ በአማርኛ ለሚያነብ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ተስፋ ነው የተሰጠው።

የአፍሪካውያን ዘር ሲጠና የሚገኘውን ደግሞ በ2006 አይተናል። ከጥቁር አሜሪካውያን 2.6 በመቶው ፒሲኤስኬ9 የተባለውን ጂን የሚያከሽፍ ቅጂ እንዳላቸው ታወቀ፤ ክፉው ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ ያነሰ፣ የልብ ሕመማቸው ደግሞ በ88 በመቶ ያነሰ ነበር። ከዚህ ግኝት የተነሡት መድኃኒቶች በ2015 ለሕመምተኛ ደረሱ። ተፈጥሮ ለጥቂቶች በውርስ የሰጠችውን ሌላው በመርፌ አገኘው።

በዘር ከሚመጡት መካከል አንድ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ምርመራ ካለ በእኔ አመለካከት «ሊፖፕሮቲን ትንሹ ኤ» የሚባለው ነው። መጠኑ በአብዛኛው በዘር የሚወሰን ስለሆነ በሕይወት አንድ ጊዜ ቢለካ ይበቃል፤ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ከፍ ያለ መጠን አለው፤ ከፍ ካለ ልብን ይጎዳል። የሚለካው ደግሞ በተራ የደም ምርመራ ነው። ይህም ቢሆን ከስኳር ጋር አይጓዝም፤ እንዲያውም እጅግ ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ስኳር በዝቶባቸው ተገኝቷል።

የመጨረሻው ነጥብ የወንድሜን ሣጥን ያስዘጋው ነው። ስታቲን ስኳር ያመጣል? ጥቂት ያመጣል። በ2010 የ13 ሙከራዎችን፣ የ91,140 ሰዎችን መረጃ የደመረ ጥናት አዲስ የስኳር በሽታ በ9 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ 255 ሰዎች ለ4 ዓመት ቢወስዱት በአንዱ ላይ ተጨማሪ ስኳር ይከሰታል። በ2015 የዘር ጥናትም ይህን አጸናው፦ ስታቲን የሚያግደውን ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያዳክም ቅጂ ያላቸው ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ዝቅ፣ ስኳራቸው ትንሽ ከፍ ይላል። ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ሳይቆጥሩ አለፉት። በ2012 የታተመ ትንተና ለስኳር አስቀድሞ የተጋለጡ ሰዎችን ለይቶ መዘነ፤ ልክ ጸሐፊው «ይተዉ» ያሏቸውን ሰዎች። 54 አዲስ የስኳር ሕመምተኛ በተገኘበት፣ 134 የልብና የደም ሥር ጥቃት ወይም ሞት ቀርቷል። ስኳሩም የመጣው ስታቲን ካልወሰዱት ይልቅ በአምስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ስኳር አስቀድሞ የያዘውማ፣ ወንድሜ እንደያዘው፣ «ያመጣብኛል» የሚለው ሥጋት አይመለከተውም። በ2004 በታተመ ሙከራ በብሪታንያና በአየርላንድ 2,838 የዓይነት 2 ሕመምተኞች፣ ልባቸው ታሞ የማያውቅ፣ በዕጣ ግማሾቹ ስታቲን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። ታላላቅ የልብና የደም ሥር ጥቃቶች በ37 በመቶ ቀነሱ፤ ጥቅሙ ግልጽ ስለሆነ ሙከራው ከታሰበው ጊዜ 2 ዓመት ያህል ቀድሞ ቆመ። በሁለቱም ቡድን የነበሩት ስኳር አስቀድሞ የያዛቸው ሰዎች ናቸው።

ጸሐፊው ይህን ቢያነቡ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ስለ ጂኖቹ በጻፉት ላይ ልንከራከር እንችላለን፤ እኔም የተሳሳትሁት ካለ ለመታረም ዝግጁ ነኝ። «በዘርዎ ስኳር ካለ ስታቲኑን ቢተዉት ይሻላል» የምትለዋን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን፣ ዛሬውኑ፣ ጽሑፉን ባሰራጩበት ገጽ ላይ እንዲያርሟት። መቼ እንደሚወሰድና መቼ እንደሚቆም ሕመምተኛው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ወንድሜ የሚያምነው እሳቸውን ነው፤ እኔ ስነግረው «አንተ ሐኪም አይደለህም» ይለኛል።